ሳልድን አዳናችሁኝ

የካቲት 18

ለቤቴ ሰው፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ እንዳለፈው ጊዜ ቃሏን እንደ ተደፈነ ቧንቧ ፈታትተህ ውስጧ የተሰነቀረ ነገር አትፈልግ። ሁለተኛውን ኬሞ ወስጃለሁ። አስታወከኝ፣ አንገዳገደኝ፣ አለፈ። ጠጉሬም ሄዷል። ራሴ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ሳላውቅ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ለካ ወደ ኋላ ሾል ያለ ነው። ቁርጥ የአባቴ ራስ።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ፤ ሾርባና ዳቦ፣ አንዳንዴ እንቁላል። አዎ፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ በኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሳሙና ሽታ ይገባል። አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም፤ ክፍሉን የተከራየሁት እንደኔው ልትታከም ከመጣች ልብስ ሰፊ ጋር ነው። ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጸልያለች፣ ከዚያ ሻይ ታፈላለች። እስካሁን «አይዞሽ» ያላለችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች ወድጃታለሁ።

አይ፣ ስልክ አንደዋወልም። ይህን ጨርሰነዋል። ገና «ሄሎ» ስልህ ታለቅሳለህ፤ አንተን ሳባብል ታማሚው ማን እንደሆነ ይጠፋኛል። ደብዳቤ ላይ ብታለቅስ ቢያንስ እኔ ዘንድ ሲደርስ ደርቋል። ሾፌሩ ጓደኛህ «ቀስ በቀስ» የተባለው በከንቱ ባይሆንም በየሳምንቱ ያደርሳል፤ ይበቃናል።

«እምነትሽ እንዴት ነው?» ላልከኝ ደግሞ፣ ፊደሉ ያንተ ነው፣ ጥያቄው የእናትህ። ለእማማ ንገራቸው፦ እኔና እግዚአብሔር ተኮራርፈናል፤ ግን ቤት አልለየንም። እሱም እዚያው ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ፤ አንዳችን እስክንናገር ነው።

የሰለቸኝ እሱ ሳይሆን ሰው ነው። ጡቷ ላይ ካንሰር የወጣባት ሴት ሁሉ ምክር የራባት ይመስላቸዋል። አንዷ ስኳር እንዳልቀምስ ትለኛለች፣ ሌላዋ ከማር በቀር እንዳልበላ። ትናንት በኮሪደሩ አንድ ሰውዬ «እንደዳንሽ አድርገሽ አስቢ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «እንደወለድሽ አስቢ» ብያት አላውቅም። «ግፊ» ነው የምላት።

አሁን የኔ ጥያቄ። ጠበቃዋ ልጃችን በደብዳቤህ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «እማ፣ የማጠናው ኩሽና ነው» ብላ ጽፋለች። ለምን? ሳሎኔ ምን ሆነ? ማነው ያለው?

ሚስትህ

—

የካቲት 27

ለአለቃዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ትከራከራለች፤ ጠበቃዋ ስትከራከር ደህና ናት ማለት ነው። እማዬም ደህና ናት።

ሳሎኑ ውስጥ ጥቂት ሰዎች አሉ። ጥቂት ስል የእማዬ የጸሎት ጓደኞች ናቸው። በፊት ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር የሚመጡት፤ አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የሚጸልዩት ላንቺ ነው፤ ምን ብዬ ውጡ ልበላቸው? ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። አዎ፣ ያንቺም ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አይ፣ አልተሰበረም። አንድ እግሩ ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ እሠራዋለሁ።

ጠበቃዋ ኩሽና የምታጠናው በራሷ ምርጫ ነው። (ይህን ስጽፍ በትከሻዬ ላይ አይታ «ውሸታም» ብላኛለች። እሺ፣ በምርጫዋ አይደለም። ሳሎን መጽሐፏን ስትዘረጋ አንዷ ሴትዮ እጇን ራሷ ላይ ጭና ለፈተናዋ ጸለየችላት። ጥሩ። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሌላዋ። ልጅቷ የፊዚክሱን ምዕራፍ ሳትጀምረው መሸ።)

እኔም ቤቴ ስገባ ጫማዬን የማወልቅበት ቦታ አጥቻለሁ። ባለፈው አንዷ በር ላይ «ማንን ፈልገህ ነው?» አለችኝ። ሚስቴን አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል?

እማዬ ደህና ናት። የጤና ጣቢያ ባልደረቦችሽም ሰላም ብለውሻል፤ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ከዚህ በታች ያለውን መስመር የሰረዝኩት ብዕሩ ስላፈሰሰ ነው።

ሐኪሙ ሁለተኛው ኬሞ ምን ሠራ አለ? አስታወከኝ አልሽኝ እንጂ ዕጢው ቀነሰ ወይ ላልኩሽ አልመለስሽልኝም።

የቤትሽ ሰው

—

መጋቢት 7

ለአቶ ባሌ፣

የጤና ጣቢያ ሰዎች በምን ምክንያት ነው «በጣም ደስ ያላቸው»?

ላስረዳህ። ትናንት ወረፋ ላይ ተቀምጬ ሳለ ልጆቿን ሁሉ ያዋለድኳት ያቺ የጋራዡ ባለቤት ሚስት ባሏን ልታሳክም መጥታ አየችኝ። ጮኸች። እውነት እልሃለሁ፣ ጮኸች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ድነሻል አሉ እኮ! ተአምር ነው አሉ!» አለችኝ። መርፌው ክንዴ ላይ ተሰክቶ ነበር። መላጣ ራሴን እያየች ነው ይህን የምትለኝ። «ማን አለ?» ስላት «አማትሽ በሰው ሁሉ ፊት መሰከሩ፤ ባልሽም አሜን ብሏል» አለችኝ።

አሜን ብሏል።

ቀስ በቀስ ደግሞ ዛሬ የኃላፊዬን መልእክት አደረሰኝ። እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ተረኛ አድርጎ መድቦኛል!

እናንተ ሰዎች፣ እኔ ሳልድን ማን ፈቀደላችሁና አዳናችሁኝ? አሁን እዚህ የማስታውከው ማን ነው? መንታዬ ናት? ተመልሼ ስመጣ ሰው ምን ይለኛል፤ እምነቷ ጎድሎ ታመመች? ተአምሩን አበላሸችው?

የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ያፈሰሰው ብዕሩ አይደለም።

መልስህን አሳጥረው።

—

መጋቢት 13

አለቃዬ፣

ላሳጥረው አልችልም፤ ይቅርታ።

የየካቲቱን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት በነበረው እሑድ፣ በጸሎት ቤቱ ነው የሆነው። መጨረሻ ላይ ምስክርነት ያለው እንዲነሣ ተጠየቀ። እማዬ ተነሣች። እኔ ለጸሎታቸው ልታመሰግን መስሎኝ ነበር። «ምራቴ ድናለች» አለች። እንዲሁ። ቀጥ ብላ ቆማ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሰው ዞሮ አየኝ። እኔ እንደማውቅ አወቁ፤ ማወቅ ነበረብኝ እኮ፣ ባልሽ ነኝ። እና አሜን አልኩ።

ፈርቼ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፤ ደብዳቤውንም እንደዚያ ጀምሬ ቀደድኩት። ፈርቼ አይደለም። ስትናገር አመንኳት። ሰው ሁሉ ሲያመሰግን፣ እግሬ ሲቀልለኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ድነሽ ነበር። ያቺን ጊዜ መልስ ብትይኝ አልመልስም። ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ስወጣ ግን የየካቲቱ ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ «አስታወከኝ» የሚለው።

እማዬን ጠየቅኳት። «ለምን እንዲህ አልሽ?» አልኳት። «አንተ ቧንቧህን ጠግን» አለችኝ። ደግሜ ስጠይቃት ተኛች። በቀትር!

አሁን ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። አንዱ የሥራዬን ሒሳብ ሲከፍለኝ «ለምስጋናው የሚሆን» ብሎ ጨመረልኝ፤ መልሼለታለሁ። ጠበቃዋ እማዬን በጥያቄ ስታፋጥጣት ውላ ሁለቱም ተኳርፈዋል፤ እኔ በመካከላቸው «ጨው አቀብይኝ በላት» እየተባልኩ እራት እበላለሁ።

ግን አንድ ነገር ልበልሽ፤ ተቆጪ። እኛ ሳትድኚ አዳንሽ፤ አንቺ ደግሞ ሐኪሙ ያለውን ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ ሁለት ጊዜ ዘልለሽኛል። ተአምር ያወራነው ወሬ ስላጣን ነው። ባዶ ቤት ውስጥ ማን አይገባም? እማዬ ዋሸች፤ እሺ። አንቺስ?

ንገሪኝ።

—

መጋቢት 24

ለቤቴ ሰው፣

ሰላም ነህ ወይ? ልጄስ ሰላም ናት? ሳልህስ? በዚህ ሰሞን እዚህ ዝናብ ጥሏል። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋ ልብስ ቁራጭ የራስ መሸፈኛ ሠርታልኛለች፤ ልኩን በዓይኗ ብቻ ነው የወሰደችው። ለሁለታችን ወጥ ሠርቼ ነበር፤ ጨው በዛበት፤ እሷ ግን በላችው። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ነበር፤ ተዘጋ።

በቃ፣ ሌላ ወሬ የለኝም።

ሦስተኛውንም ወስጃለሁ። ዕጢው አልቀነሰም። ትንሽ እንደጨመረ ነው የታየው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ስትነግረኝ ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም፤ «ቀና በይና ንገሪኝ፣ እኔም ለሰው ክፉ ወሬ ነግሬ አውቃለሁ» አልኳት። ቀና አለች። ኬሞውን ከመቀጠል አሁኑኑ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይሻላል አለችኝ። ፈርሜያለሁ። ቀኑ ሚያዝያ 8 ነው።

አዎ፣ ሳልጠይቅህ ፈረምኩ። አዎ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ምን ልትለኝ? «እሺ» ልትል፣ ልታለቅስ፣ ከዚያ እማማን ልታማክር፣ እማማ ደግሞ ሳሎኑን ሙሉ ሊያማክሩ። ጡቴ በስብሰባ እንዲወሰንበት አልፈለግኩም።

ያልነገርኩህ ደግሞ ለዚህ ነው፦ ስጽፈው እውነት ይሆናል። ይኸው ጻፍኩት።

እንዳትመጣ። የልጅቷ ፈተና ደርሷል፤ ቤት ውስጥ አንድ ጤነኛ ሰው ያስፈልጋታል። እማማም እንዳይመጡ። ይህን በተለይ አስምርበት። እንኳን የተአምር ምስክር ተጨምሮብኝ፣ እንዲሁም ልቤ ሞልቷል።

አትቆጣኝ። ወይም ተቆጣኝ፤ ግን ብላ።

ሚስትህ

—

መጋቢት 30

አለቃዬ፣

እማዬ የለችም።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ ነበር ያነበብኩት፤ ከዚያ ፊቴን አየችው። «ስጠኝ» አለች። መነጽሯን አጥታ ስለነበር ጠበቃዋ አነበበችላት፤ ኩርፊያቸውም በዚያው አለቀ። «ይህን በተለይ አስምርበት» የሚለው ጋ ስትደርስ እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ከዚያ ተነሥታ ልብሷን አጣጠፈች። «እማዬ፣ አትምጪ ብላለች እኮ» ስላት «ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም» አለችኝ። ማለዳ ስነሣ አልጋዋ ተነጥፏል፤ ቀስ በቀስ አሳፍሯታል። ያንን ሰው ሳገኘው!

ስለ ፊርማው የምለው አለኝ፤ ብዙ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩትና ሦስቱንም ቀደድኩት። አሁን የምልሽ ይህን ብቻ ነው፦ እኔም እመጣለሁ። ጠበቃዋ «ኩሽናው እስከ ፈተና ድረስ የኔ ነው፤ አንተ ሂድ» ብላኛለች። ተከራከርኳት፤ አሸነፈችኝ።

እስክመጣ ድረስ ከእማዬ ጋር አትጣዪ። ከተጣላችሁም ቀስ።

—

ሚያዝያ 5

ለቤቴ ሰው፣

ይህ ደብዳቤ መንገድ ላይ ሳለህ ሊያልፍህ ይችላል። ቢሆንም አሁን ካልጻፍኩት ነገ የምለውን አላውቅም።

እማማ ደርሰዋል። በሩን ስከፍት ሻንጣቸውን በደረታቸው አቅፈው ቆመው ነበር። ራሴን አዩት። የራስ መሸፈኛዬን አውልቄ ነበር፤ ሙቀት ነበር። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ሻይ ልታፈላ ብላ ወጣች፤ ሻይ ግን ተፈልቶ ነበር።

እኔ ለወር ያህል ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። ቃል በቃል አዘጋጅቼው ነበር። «እማማ፣ ለምን እንዲህ አደረጉኝ?» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም።

«ዳቦ ቤት ሄጄ» አሉኝ። «ዳቦ ጋጋሪው 'ምራትዎ ጎበዝ አዋላጅ ነበረች' አለኝ። ነበረች! ዳቦውን እዚያው ጥዬለት ወጣሁ። ቤት መጣሁ፤ የጸሎት ጓደኞቼ 'ልጇን እንዴት ትወድ ነበር' ይባባላሉ። ሳሎንሽ ውስጥ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠው! ሁሉም ነበረች ማለት ጀመሩ። ሰው እንዲህ በአፍ ሲቀበር አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ድናለች ካልኩ ነበረች አይሉም።»

እልህ ይዞኛል እኮ። «እማማ፣ በመካከል ሌላ ቃል አጡ? 'ታማለች' የሚባል ቃል አለ» አልኳቸው።

«ታማለች ስላቸው አይደል እንዴ ነበረች ያሉኝ!» ብለው ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው።

ጩኸቱ ሲያልቅ ሁለታችንም ደክሞን ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። ልጃቸው ከሆንክ ጀምሮ እኚህን ሴት ታውቃለህ፤ መንገድ ጠፍቷቸው አያውቅም። «አሁን ምን ብዬ ልጸልይ?» አሉኝ። እኔን! «ትድናለች ስል ዋሸሽ ይሉኛል፤ ፈቃድህ ይሁን ስል ደግሞ የሰጠሁሽ ይመስለኛል።»

ከንዴቴ ሳልወጣ፣ «ቀዶ ሐኪሙ ደህና ተኝቶ እንዲያድር ይጸልዩ፤ ቁርሱንም በልቶ እንዲመጣ» አልኳቸው። ቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። እንቅልፉን ባርክለት። ሚስቱ አታስቀይመው። እጁ አይንቀጥቀጥ። ቁርሱ ይስማማው። መብራት አይጥፋ። የሚያደነዝዛት ልጅ ልኩን ይወቅ። እንዲህ እያሉ፣ ከበሩ ዘበኛ ጀምሮ እስከ ማደንዘዣው ድረስ አንድም ሰው አልረሱም። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ይህ ነገር ከጀመረኝ ወዲህ አልቅሼ የማላውቀውን ሁሉ አለቀስኩ።

እፈራለሁ፤ እወቀው። ልትመጣ ተነሥተህ እንደሆነ ደግሞ እንኳን ተነሣህ። ይህን ግን በሌላ ጊዜ እንዳታነሣብኝ።

—

ሚያዝያ 23

ለቤቴ ሰው፣

በሰላም ገባህ ወይ? ከሄድክ ወዲህ ቁስሉ ደርቋል፤ ቱቦውንም አውጥተውልኛል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አነሣለሁ። ከዚያ በላይ ግን እምቢ ይለኛል።

አይ፣ ነርሷ አልከሰሰችህም። ግን ልትከስህ መጥታ ነበር። እኔ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝም፤ እሷ አልጋዬ ጫፍ ቆማ «ባልሽ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ፈታ» ትለኛለች። ሚስትህ በምላጭ ስር ተኝታ አንተ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ታያለህ? አሁን እንደማያንጠባጥብ ግን ሁሉም ይመሰክራል። ሲከፍቱት ያመሰግኑሃል።

ስለተቀየምክብኝ ነገር፣ ስትለየኝ እንደ እንቁላል ያዝከኝ፣ ዓይንህንም ከአንገቴ በታች አላወረድክም። አዎ፣ «እየኝ» ብዬ ተቆጣሁህ፤ ልብስ ሰፊዋም ሰማች። አልጸጸትም። እኔ በመስታወት አይቼዋለሁ። ጠፍጣፋ ነው፤ ስፌቱ ከብብቴ ይነሣና ወደ መካከል ይሄዳል። ቆንጆ አይደለም፣ አስፈሪም አይደለም። በሚቀጥለው ስትመጣ አየኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ፈለግክ አልቅስ።

ውጤቱን ላልከኝ፣ ይኸው ሳልደብቅህ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ከብብቴ ሥር ካወጧቸው ንፍፊቶች በአንዳንዶቹ ላይ ግን በሽታው ተገኝቷል። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ኬሞ አለ፣ ከዚያም ጨረር። ድነሻል ያለኝ የለም፤ አትድኚም ያለኝም የለም። ሐኪሟ «እየታከምሽ ነው» ነው ያለችኝ፤ ይህን ስትል ቀና ብላ ነው።

ከእግዚአብሔር ጋር እንዴት ሆናችሁ ላልከኝ፣ መነጋገር ጀምረናል። እኔ ነኝ የማወራው፤ አብዛኛው ወቀሳ ነው። ይሰማል ግን።

እባክህ እናትህን ውሰድልኝ። የሆስፒታሉን የታማሚዎች ክፍል ሁሉ ተቆጣጥረውታል። የማንንም አልጋ አያልፉም። ከመጸለያቸው በፊት «ምንሽን ነው? መድኃኒቱ ምን ይባላል? መቼ ነው የሚሰጡሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ልክ በስሙ ይጸልዩለታል። ነርሷ ታማሚዎቹ መድኃኒታቸውን ሰዓት ሳያዛንፉ መውሰድ ጀመሩ ትላለች፤ እማማን ስለሚፈሩ። እኔ ግን ገላዬን ስታጠብ እንኳ በሩ ላይ ቆመው ለሙቅ ውሃው ሲጸልዩ ሰምቼ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ቅዳሜ ከቀስ በቀስ ጋር እልካቸዋለሁ።

ሚስትህ

—

ግንቦት 2

ለአለቃዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤያለሁ። ስመጣ አያለሁ። ከዚያ በላይ በዚህ ጉዳይ በጽሑፍ አታናግሪኝ፤ ጆሮዬ ይቀላል።

እማዬ በሰላም ገብታለች። ከዚያ የሆነውን ስሚ።

እሑድ ምስክርነት ሲጠየቅ ተነሣች። ልብሷን ልጎትት እጄን ስዘረጋ ጠበቃዋ እጄን ያዘችው። «ባለፈው ምራቴ ድናለች ብያችሁ ነበር» አለች። «አልዳነችም። ጡቷን ቆርጠው አውጥተውላታል፤ ገና ብዙ መድኃኒት ይቀራታል። ያኔ የነገርኳችሁ ውሸት ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው «ታዲያ ምስጋናችን?» አሉ። ያበደሩትን የተካዱ ነው የሚመስሉት። አንዷ ደግሞ፣ ያቺ እኔን በገዛ በሬ ላይ ማንን ፈልገህ ነው ያለችኝ፣ «እምነት አጥተሽ ነው!» አለቻት።

እማዬም «አዎ፣ ያኔ እምነት አጥቼ ነው የዋሸሁት» አለች። «እምነት ያለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል? አሁን ነው ያመንኩት። የምትጸልዩ ከሆነ ለታመመችው ጸልዩ። የዳነችዋን እኔ ነኝ የፈጠርኳት።» ብላ ተቀመጠች። እጇን ያዝኩላት።

ሰው ተቆጥቷል። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ አልመጡም፤ የተዋስነውን ወንበር መልሰናል፤ ጠበቃዋ የፈተናዋን የመጨረሻ ቀናት ሳሎን መጽሐፏን ዘርግታ ጨርሳለች። በቤቴ ውስጥ ጫማዬን አወለቅኩ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ትናንት የማእዘኑ ሱቅ ባለቤት መጣች። ብቻዋን። እማዬ ሻይ ሰጠቻት፤ አልጠጣችም። ከዚያ ድንገት እጇን ብብቷ ሥር አስገብታ «እዚህ ጋ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለኝ» አለች። «ላሳየው ጤና ጣቢያ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ያን ሰሞን ምራትሽ በጸሎት ዳነች ሲባል ተውኩት። እኔም እጸልያለሁ፣ እኔም እድናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አሁን አድጓል።»

እማዬን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። የሻይ ስኒዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ «አንቺን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት፤ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው» አለቻት። እኔ በሩ ላይ መፍቻዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ልግባ ልውጣ አላውቅም።

እማዬ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። «ለእሷ ጻፍላት» ብቻ ትለኛለች። ሴትዮዋ ደግሞ ዛሬ «ምናልባት እስከ ክረምት ልይ» ማለት ጀምራለች። ባሏ አያውቅም። ምን እናድርግ?

የቤትሽ ሰው

—

ግንቦት 6

ለቤቴ ሰው፣

ክረምት? የምን ክረምት? ክረምቱ ሐኪም ነው?

ስማኝ። በመጀመሪያው አውቶቡስ አሳፍራት። ጤና ጣቢያ ሄደህ ኃላፊዬን የሪፈር ወረቀት አጽፈው፤ ያላየሁትን አልጽፍም ካለ ዛሬውኑ እንዲያያት አድርግ። ለተራ መድቦኝ የነበረው እሱ ስለሆነ ዕዳ አለበት በለው። ለባሏ ራሷ ትንገረው፤ ከፈራች ጠበቃዋ አብራት ትሂድ፤ ፈተናው አልቋል፣ አፏም ሥራ ፈቷል። እዚህ ማደሪያ አታስቡ፤ ልብስ ሰፊዋ ሕክምናዋን ጨርሳ ነገ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ አልጋው ይለቀቃል።

እማማ አብረዋት ይምጡ። አዎ፣ እኔ ነኝ ይህን የምጽፈው። የበደሉት እህል በመተው አይካስም፤ ይብሉና ይምጡ በላቸው። ለዚች ሴት እንዲጸልዩላት ብቻ ሳይሆን ወረፋ እንዲይዙላት፣ እጇን እንዲይዙ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ እንዲያስውጧት እፈልጋቸዋለሁ። በዚህ ደግሞ እንደሳቸው ያለ የለም።

«ምን እናድርግ?» ላልከኝ፣ ትድኛለሽ አትበላት። አናውቅም። ዘግይተሻልም አትበላት፤ ይህንንም አናውቅም። አውቶቡሱ በር ላይ ሆነህ ሻንጣዋን አቀብላት፣ እኔ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቃታለሁ በላት። ግራ ክንዴ ዕቃ አያነሣም፤ ቀኙ ግን ይበቃል።

አሁን ደብዳቤዬን ደግመህ ለማንበብ እንዳትቀመጥ። ተነሥ። ሱቋን ሳትዘጋ ድረስባት።